የጠፋው አርባ ሰከንድ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው እያየ፣ ግድግዳው ጠቆረ።

አቶ ታጁዲን አዝራሩን እንደገና ተጫነው። ጥቁር። ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነው። ያው ጥቁር።

ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ደንበኞቹ ናቸው፤ ካዛንቺስ ላይ አሥራ አራት ፎቅ ሆቴል ሊያቆሙ የተማማሉ ባለአክሲዮኖች። ታጁዲን ደግሞ እንዲህ ላሉ ሰዎች ፕሬዘንቴሽን የሚሠራ ሰው ነው። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የሰፈሩ ካርታ ይበራል። ካርታው ላይ አዝራሮች አሉ። «ወደፊት» የሚለውን ሲጫኑት ሆቴሉ በቪዲዮ ከመሬት እየበቀለ ይወጣል። «ድሮ» የሚለውን ሲጫኑት የቆርቆሮው ሰፈር ይመጣል። ሰፈሩ እንግዲህ ዛሬም እዚያው አለ፤ በመስኮት ቢያዩ ጭሱ ይታያል። ግን ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነው፣ ሁሉም ችኩል ነው፣ ሰውን በቁሙ ድሮ አሉት።

ጠቁሮ የቀረው «ድሮ» ነው።

ለባንኮች እያሳዩ ብድር እንዲጠይቁባቸው ለደንበኞቹ የተዘጋጁት ሦስት ሲዲዎች ተሞከሩ። ሦስቱም ላይ ሌሎቹ አራት ቪዲዮዎች ይሠራሉ፤ «ድሮ» ግን ጥቁር። የባለአክሲዮኖቹ ሊቀመንበር፣ ጢማቸውን ያበጠሩ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ።

«ይኼ ጥቁሩ ነው የኛ ሆቴል?» አሉ።

መልስ አልጠበቁም። ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ሲዲዎቹን ያዘጋጀችው ፈትያ ናት፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ የቢሮው የኮምፒውተር ሠራተኛ። ታጁዲን ከሷት አምስት ሰዓት ላይ ፖሊስ ጣቢያ ነበረች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሳጅን ደጋጋ አምስቱን ፎቅ በእግሩ ወጣ። ሊፍቱ ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል። የደጋጋ ጉልበትም እንደዚያው። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ኖሯል፣ ጡረታው አንድ ዓመት ተኩል ቀርቶታል፤ በዚህ ዕድሜው ከደረጃ የሚበልጥ ወንጀለኛ አላየም። ዋና ሥራው የመኪና ስፖኪዮ ስርቆት ነው። የተሰረቀ ስፖኪዮ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ባለቤቱ አይመጣም፣ ጣቢያው ኤግዚቢት ክፍል ይገባል። ኤግዚቢት ክፍል የገባ ነገር ደግሞ ሲወጣ ያየ የለም።

በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

«የጠፋው ምንድን ነው?»

«ቪዲዮ» አለ ታጁዲን።

«ካሴቱ ነው?»

«ካሴት አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋይል ነው።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«ኮምፒውተሩ አለ።»

«በሩ ተሰብሯል?»

«አልተሰበረም።»

ደጋጋ ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፈም። ስፖኪዮ ቢሆን ቢያንስ ገመዱ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተገለጠለት። ቅዳሜ ከሰዓት መላው ቢሮ ተሰብስቦ ፕሬዘንቴሽኑን አይቶታል፤ አምስቱም ቪዲዮ ይሠራ ነበር። ሰኞ ከቀትር በፊትም ፈትያ «ድሮ»ን ከፎልደሩ ከፍታ አይታዋለች። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮው ተዘግቶ ሁሉም ወደ ቀብር ሄደ። የሞቱት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ከፎቁ ሥር ሻይ ቤት የነበራቸው፣ የፎቁን ሰው ሁሉ በስሙ የሚጠሩ ሴት። እንዲህ ያለ ቀብር አይቀርም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ ፈትያ ሦስቱን ሲዲ አዘጋጀች፤ ታጁዲን ቶሎ በይ እያለ ሲያጣድፋት ሳትሞክራቸው አሸገቻቸው።

የቢሮው ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ነው። አንዱ ታጁዲን ጋ፣ አንዱ ፈትያ ጋ፣ አንዱ ከደንበኞች ጋር የሚነጋገረው ተካ ጋ። የጠፋው ከኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም፤ መሳቢያ ውስጥ ካለው መጠባበቂያ ዲስክም ጠፍቷል። የውጭ ሰው መሳቢያውን አያውቅም።

ታጁዲን የቀብሩን ጊዜ በሙሉ ከእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ቆሞ ነው ያሳለፈው። ሃምሳ ምስክር አለው።

ተካን ደጋጋ ኮሪደር ላይ አነጋገረው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከረባቱ ቀጥ ያለ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ንግግሩ እንግሊዝኛ ጣል ጣል የሚደረግበት። ቤተሰቦቹ ቦሌ እንደሆኑ ቢሮው ውስጥ ያልሰማ የለም።

«ቀብር ላይ ነበርክ?»

«ከሁሉም ጋር ነበርኩ፣ ኦፍኮርስ።»

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

ተካ ጫማውን አየ። «ማለቴ... ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም። ግን ፈትያን ቅዳሜ ጠዋት ባምቢስ ሰፈር አይቻታለሁ። እኛን የሚፎካከረው ድርጅት በር ላይ። በቃ ያየሁትን ነው።»

ደጋጋ ይህችን ጻፋት።

ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ሳህን በጨርቅ ጠቅልላ ቆማለች። ሀምዲያ ትባላለች፤ የፈትያ እናት ናት፣ ከቡልጋሪያ ሰፈር በእግሯ የመጣች። ጠባቂው እንደ ደንቡ ቅመሺው አላት። ሀምዲያ ከልጇ ምግብ ቆርሳ ጎረሰች። አኘከች። መዋጥ ግን አቃታት፤ ውሃ እስኪመጣላት ጉንጯን ሞልታ ቆመች። ደጋጋ ይህን ያየው ሳይፈልግ ነው። ልጅቷ ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ከዚያ የጊዜ ቀጠሮ፣ ከዚያም ሌላ የጊዜ ቀጠሮ። አንድ ጊዜ «ከቢሮዋ ሰርቃ ታስራ ነበር» ከተባለች ኡራኤል ዙሪያ ካለው ቢሮ ሁሉ አንዱም ወንበር አይሰጣትም። ያለው ጊዜ እስከ ሐሙስ ጠዋት ነው እንግዲህ።

ፈትያን አስጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጣት።

«ቅዳሜ ባምቢስ ምን ትሠሪ ነበር?»

«ሥራ ልጠይቅ ነው የሄድኩት» አለች። አልካደችም። «ታጁዲን ጋ ሦስት ዓመት ስሠራ ስሜን የጠራበት ቀን የለም። 'ይቺ ልጅ' ነው የሚለኝ። ባምቢሶቹም 'እንደውላለን' አሉኝ።»

«እና ቪዲዮውን ይዘሽላቸው አልሄድሽም?»

«ቪዲዮውን ምን ያደርጉታል ጋሼ?»

ደጋጋም እሱን አያውቅም። ስለዚህ ሌላ ጠየቃት፤ ቪዲዮው ፕሬዘንቴሽኑ ውስጥ ከተቀበረ፣ ፕሬዘንቴሽኑ ሳይነካ እሱ ብቻ እንዴት ይጠፋል?

«አልተቀበረም እኮ። ቪዲዮውን ውስጡ የሚይዝ አዲስ ፕሮግራም ወጥቷል ይላሉ። የኛ አሮጌ ነው፤ አድራሻውን ብቻ ነው የሚያውቀው።» ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አስሄደች። «የቤት ቁጥር በሉት። አዝራሩን ሲጫኑት ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ቤቱ ካለ ይከፈትለታል። ቤቱ ከፈረሰ ቁጥሩን እንደያዘ ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። ጥቁሩ እሱ ነው።»

ደጋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው። ቤቱ ፈርሶ ቁጥሩ ብቻ የቀረ ሰው በየቀኑ ያያል።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። ባለፈው ወር ለሌላ ደንበኛ ስናሳይ ፎልደሩ ተዛውሮ እንዲሁ ጠቆረብን። ያኔ ነው ሁሉም የተማረው። ተካ እንኳን ገብቶታል።»

ረቡዕ ጠዋት ደጋጋ ባምቢስ ሄደ። የተፎካካሪው ድርጅት ባለቤት ወፍራም ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ ወንበሩ እስኪጮህ ሳቀ።

«አርባ ሰከንድ የካዛንቺስ ቆርቆሮ? ሳጅን፣ ለሱ ሌባ ልልክ? እኔ ራሴ ከታክሲ አንገቴን አውጥቼ አልቀርጸውም? የምሰርቅ ብሆን ሆቴሉን ነው የምሰርቀው። ሆቴሉን ወር ሙሉ ነው የለፉበት።»

ደጋጋ አመስግኖ ወጣ። ታክሲ እየጠበቀ ጉልበቱን አሸ። ሰውዬው ሳያስበው ትልቅ ነገር ነግሮታል።

ሌባ ከአምስት እንቁላል አንዱን ብቻ፣ ያውም ትንሿን፣ መርጦ አይወስድም። ይህን ያጠፋ ሰው ቪዲዮውን ሊኖረው አልፈለገም። እንዳይታይ ነው የፈለገው። እንግዲያው ጥያቄው ማን ወሰደው ሳይሆን፣ ውስጡ ምን ነበር ነው።

የቢሮው ካሜራማን ኢዘዲን ይባላል። ከታጁዲን ጋር ተኮራርፏል፤ የቀረጸው ሁሉ ሲታይ ስሙ መጨረሻ ላይ አይወጣም። ደጋጋ ይህን ሲሰማ ትንሽ ተስፋ አድርጎ ነበር። ግን ኢዘዲን ሰኞ ዕለት የእትዬ ጥሩወርቅን ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ነው። ሳጥን ተሸክሞ ሹልክ ማለት አይቻልም።

«የመጀመሪያው ካሴት አለህ? የቀረጽክበት?»

ኢዘዲን አንገቱን አከከ። «አለ... ግን እሁድ ሠርግ ነበረኝ። ባዶ ካሴት አጣሁና በሱ ላይ ቀረጽኩበት።»

«ሁሉንም?»

«እንጃ። ሙሽሮቹ ቶሎ ነው የሄዱት።»

የካሜራዋን ትንሽ መስኮት ከፍተው ተቀመጡ። ሙሽራ ወጣች። ሚዜ ጨፈረ። ደጋጋ የማያውቃቸውን ሰዎች ሠርግ ግማሽ ሰዓት ታደመ፤ አንድ ጉርሻ እንኳን ሳይደርሰው። በመጨረሻ የሙሽሮቹ መኪና ታጠፈ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሙዚቃው ተቆረጠ።

የቆርቆሮ ሰፈር መጣ።

አንዲት አሮጊት አጥራቸውን በሽቦ ያስራሉ። ቆርቆሮው ይወድቅባቸዋል። በጀርባቸው ደገፍ ያደርጉታል። እንደገና ይወድቃል። ከዚያ ትተውት ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፣ ቀና ይላሉ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ያወዛውዛሉ። በቃ። ሃያ ሰከንድ ያህል ናት የተረፈችው።

«ቅዳሜ ስናያት እዚህ ጋ ነው የሳቅነው» አለ ኢዘዲን። «ታጁዲን ሦስት ጊዜ አስደገማት። 'አጥራቸው እየወደቀ ለካሜራ ሰላም ይላሉ፣ እኚህን ያየ ሁሉ አፍርሱት ነው የሚለው' አለ።»

«አንተ ከየት ሆነህ ቀረጽካቸው?»

«ከዚህ። በዙም ስቤ።»

ደጋጋ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። የፎቁ መስታወት ከውጭ ሰማይና ደመና ብቻ የሚያሳይ ዓይነት ነው። ወደታች አየ። አጥሩ አለ። ፊት ለፊት የተሰጣ ልብስ አለ። የምትመላለስ አንዲት ሴት አለች፤ ከዚህ ሲያዩአት ከባቄላ አትበልጥም።

ያለ ዙም እሱ እሷን ማየት ከቸገረው፣ እሷ ከዚያ ሆና፣ በዚህ መስታወት አልፋ፣ ካሜራ እንዴት ታያለች?

«ለካሜራው አይደለም እጃቸውን ያነሱት» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ለማን?»

«ከየትኛው መስኮት ነበርክ?»

«ከሦስተኛው። ተካ ደንበኛ ጋ ወጥቶ ነበር። ወንበሩን ገፋ አድርጌ እሱ ቦታ ላይ ቆምኩ።»

ደጋጋ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ካሜራውን ከነካሴቱ እንዲያስቀምጠው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል ነገረው። ከዚያ አምስቱን ፎቅ ወረደ። መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል።

አሮጊቷን ሄዶ መጠየቅ ይችል ነበር። እግሩ ግን ወደዚያ አልሄደለትም። እናትን በልጇ ላይ ምስክር የማድረግ ነገር በሃያ ስድስት ዓመትም አልተለመደውም። ስለዚህ ወደ ጋሽ መሐመድአሚን ሱቅ ታጠፈ። ጋሽ መሐመድአሚን የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ናቸው። ክርስቲያን ይሙት እስላም፣ የቀብሩ ስም ጥሪ በሳቸው ድምፅ ነው። ከስኳሩና ከሳሙናው መሃል አንድ ሰማያዊ መዝገብ አለ፤ ከሚስታቸው አስበልጠው ይጠብቁታል ተብሎ ይታማል።

«የሰኞውን ስም ጥሪ ላየው ነበር።»

«ምን፣ የሞተ ሰው ጠፋ እንዴ?» አሉና ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገለጡለት።

ደጋጋ በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ከፎቁ ጀርባ ያሉት ቤቶች በአራት መቶ ይጀምራሉ። አራት መቶ አሥር፣ ተገኝቷል። አራት መቶ አሥራ አንድ፣ ተገኝቷል። አራት መቶ አሥራ ሁለት፤ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ተወካይ ልጃቸው ተካ። ቀሪ።

«እሱን እኔም ገርሞኛል» አሉ ጋሽ መሐመድአሚን። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ድንኳን ሲተከል ከረባቱን አውልቆ እንጨቱን የሚይዝ እሱ ነው። ሰኞም ለቅሶው ቤት አይቼዋለሁ። አስከሬኑ ሲወጣም ነበር። ኡራኤል በር ላይ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። የለም።»

«ከካዛንቺስ ኡራኤል ድረስ ምን ዋጠው?»

«እኔ ቀሪ ብሎ መጻፍ ነው ሥራዬ። ፖሊሱ አንተ ነህ።»

አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደጋጋ እንደገና አምስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። በዚያን ቀን ሁለተኛ ጊዜው ነው። ሰበብ ቢያገኝ በማግስቱ ያደርገው ነበር። ማግስቱ ግን ሐሙስ ነው።

ታጁዲንን፣ ኢዘዲንንና ተካን አንድ ላይ አስቀመጣቸው።

«ተካ፣ ሰኞ ቀብር ነበርክ?»

«ነበርኩ ብያለሁ እኮ።»

«ስም ሲጠራ አቤት አልክ?»

ተካ ታጁዲንን ሰረቅ አድርጎ አየው።

«የምን ስም?» አለ ታጁዲን። «እሱ የዚህ ሰፈር እድርተኛ አይደለም፤ ቦሌ ነው የሚኖረው።»

«የቤት ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ ደጋጋ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀርቶ አያውቅም። ሰኞ ቀረ።»

ተካ ከረባቱን ነካ፤ ትክክል ነበር፣ እንደገና ነካው። «እነ ታጁዲን አጠገቤ ነበሩ። ስሜ ከነቤት ቁጥሩ ሲጠራ እንዳይሰሙ... ለዚያ ነው ወደ ኋላ የቀረሁት። በቃ። አፍሬ ነው።»

«አምንሃለሁ። ወደ ኋላ ቀርተህስ የት ሄድክ?»

ደጋጋ መልሱን አልጠበቀም።

«ቁልፍ ከሦስት ሰው ጋ ነው። ታጁዲን ሽማግሌዎቹ መሃል ነበር። ፈትያ ራሷ ልታሽገው ያዘጋጀችውን ለምን ታጠፋዋለች? ልታበላሽ ብትፈልግ ሆቴሉን ነበር የምታበላሽ።» ደጋጋ ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። «እኔ ደክሞኛል ተካ። አንተም የደከመህ ትመስላለህ። በሦስተኛው መስኮት በኩል እጅ የሚነሳው ለማን ነው?»

ተካ ሰዓቱን አየ። ሳያስበው ነው ያየው። አሥር ሰዓት ሆኗል።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከታች፣ የቆርቆሮው በር ተከፈተ። ባቄላ የምታክለዋ ሴት ወጣች። የተሰጣውን ልብስ አንድ በአንድ ሰበሰበች። ከዚያ ቆመች፣ ሻሿን ነካ አደረገች፣ ቀና አለች። እጇን አነሳች።

ማንም አልሳቀም።

«ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው መስኮቴን ያሳየኋት» አለ ተካ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጥሎት ሄዷል። «ሦስት ዓመት ሆነ። እንደማያት ታውቃለች። እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ አላውቅም፤ እናንተ ማን ናት እንዳትሉኝ።»

«ቅዳሜስ?» አለ ደጋጋ።

«ቅዳሜ ግድግዳው ላይ መጣች። ግድግዳውን ሞልታ። ኢዘዲን ከኔ ቦታ ሆኖ እንደቀረጻት ገባኝ፤ እኔ መስሏት ነው እጇን ያነሳችው። ሳቁ። ድገመው አለ፣ ተደገመ። እንደገና ሳቁ።» አለ። «እኔም ሳቅኩ። ሦስት ጊዜ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

ታጁዲን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ቤቱ መፍረሱ አይቀርም፣ እሱን አውቃለሁ። ግን ሲዲው እሷን ይዞ ባንክ ለባንክ ሲዞር፣ በሄደበት ሁሉ ሲሳቅባት... ሰኞ ከመንገድ ተመለስኩና አጠፋሁት። ፈትያ ትሞክረዋለች፣ እንደሌለ ስታይ ትዘለዋለች ብዬ ነው። ሳትሞክረው ታሽገዋለች ብዬ አላሰብኩም።»

«እሺ። እሷ ስትታሰርስ?»

ተካ ባዶውን የፈትያን ወንበር አየ።

«ባምቢስ አየኋት ያልከኝስ?»

«አይቻታለሁ። እውነት ነው።»

«እውነት ነው» አለ ደጋጋ። ድምፁን አላነሳም። «እናትህን የባንክ ሰው ሁሉ እንዳያያቸው ብለህ ነው፤ ይሁን። የፈትያ እናት ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ናት። የልጇን ምግብ መርዝ እንደሌለው ለማሳየት ቀድማ ስትቀምስ አየኋት። መዋጥ አቅቷታል። እሷን ማን ከግድግዳው ላይ ያጥፋት?»

ተካ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ተነሳ። መስኮቱ ሦስት ዓመት ያልተከፈተ ነውና አቧራው ሙጫ ሆኖ ይዞታል፤ ኢዘዲን መጥቶ አብሮት ገፋው። በሁለተኛው ግፊያ ተከፈተ። የታክሲ ጥሩንባና የበርበሬ ሽታ አብረው ገቡ።

ተካ ከረባቱን አንጠልጥሎ እስከ ወገቡ ወጣና እጁን አነሳ።

አሮጊቷ የሰበሰቡትን ልብስ ጣሉት። ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ።

«እንሂድ» አለ ተካ መስኮቱን ሳይዘጋ።

ፈትያ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀቀች። ደጋጋ ራሱ ነገሩን ከሥሩ ነገራት። ሐሙስ ጠዋት ፍርድ ቤት የሚቀርበው ተካ ነው። ታጁዲን ክሱን ሊያነሳ ይችላል፤ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም፤ ያኔ ግን ዋናዋ ተበዳይ እሷ ናት። ይቅር ትይዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም ጋሼ» አለች። «ዛሬ ደክሞኛል።»

ይህን መልስ ደጋጋ ከብዙ ምስክርነት አስበልጦ አከበረው።

ከእናቷ ጋር ወደ ቡልጋሪያ ሲያቀኑ ሀምዲያ ሳህኑን በብብቷ ይዛ ነበር። በሩ ላይ ፈትያ ዞር አለች።

«እናቱ ሰምተዋል?»

«ልጄ ዛሬ መስኮቱን ከፈተልኝ፣ ይህን ነው የሚያውቁት። ሌላውን ነገ ራሱ ይነግራቸዋል።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ታጁዲን እያለከለከ ጣቢያ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አንድ ዕድል ሰጥተውታል፤ አርብ እንደገና ያያሉ። ጊዜ የለም። ካሴቱ ላይ የተረፈችው ሃያ ሰከንድ ብትሆን ትበቃዋለች፣ አዲሱን ፕሮግራም ከሰው ተውሶ ውስጡ ያስገባታል፣ ከእንግዲህ አትጠፋም። እናትየውን አስፈቅዳለሁ አለ። ተካንም ይቅር እላለሁ አለ።

ደጋጋ በትዕግሥት አዳመጠው።

«አይቻልም አቶ ታጁዲን። ካሴቱ ኤግዚቢት ሆኗል።»

«መቼ ይመለስልኛል?»

«ጉዳዩ ሲያልቅ።»

«ጉዳዩ መቼ ያልቃል?»

ደጋጋ ጉልበቱን አሸ። «ሊፍቱ ሲሠራ» አለው።

ታጁዲን ሲወጣ ሳጅኑ ቁልፉን ይዞ ወደ ኤግዚቢት ክፍል ሄደ። ሰፊ መደርደሪያ ነው፤ ባለቤት ያልመጣላቸው ስፖኪዮዎች ተደርድረውበታል፣ እያንዳንዱ መስታወት የጣሪያውን አምፖል ይዞ። መሃላቸው ቦታ አበጅቶ ካሴቱን አኖረው። በመዝገቡ ቀጥሎ የሚመጣው ተራ ቁጥር ስድሳ ሰባት ነው። እስክሪብቶውን አነሳ፣ ስድሳ ሰባቱን ትቶ ካሴቱ ላይ በለጠፈው ወረቀት አራት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈና በሩን ቆለፈ።